ደወሌ ላይ የቆመችው መኪና፦ የአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ የድንበር ወረቀት

ባለጉዳዩን መሐመድ እንበለው። እውነተኛ ስሙ አይደለም። ግን የእሱም ስም ድሬዳዋ ውስጥ በየሰፈሩ የሚጠራ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ የሚለዋወጥ ስም ነው። ኋላ ላይ ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው።

እናቱ ጅቡቲ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ዘንድ ሄደው ዓይናቸውን ታክመዋል። መመለሻቸው ሲደርስ መሐመድ በባቡር እንዲመጡ አልፈለገም። ምክንያቱ ይገባኛል። የጅቡቲው የመንገደኞች ጣቢያ፣ ናጋድ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። የኛም አዲሱ ጣቢያ እንደ ድሮው ለገሃር መሀል ከተማ አይደለም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ገና ከዓይን ሕክምና የተነሡ እናት ሻንጣ እየጎተቱ ከታክሲ ባቡር፣ ከባቡር ታክሲ ሲሉ ማየት አልፈለገም። «በመኪና ሄጄ ከበር አንስቼ ከበር አደርሳቸዋለሁ» አለ። መኪናዋ የታላቅ እህቱ አውቶሞቢል ናት፤ ኮድ 2፣ እ.ኤ.አ. የ2019 ሥሪት። እህቱም ደስ ብሏት ቁልፉን ሰጠችው።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የትራንዚት ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። እንጀራዬ የዕቃ ወረቀት ነው፤ ዲክላራሲዮን፣ የጭነት ሰነድ፣ የመሳሰለው። የሰው ጉዳይ ወደ እኔ የሚመጣው ሲበላሽ ብቻ ነው። ይሄም እንደዚያው መጣ። ቤተሰቡ ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው። ብዙ የድሬ ቤተሰብ ድንበሩ ማዶ ዘመድ ስላለው፣ ነገ ይኸው ጉዳይ የሌላውንም በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

ቀላል የመሰለው መንገድ

ከድሬዳዋ ጅቡቲ ማለት ለኛ ሩቅ አይደለም። ከተማችን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ከዚያ ሲመጣ የተቆረቆረች ናት። ሽኒሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፤ እነዚህ ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን አሉ። የክፍያ መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ እስከ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥሩ አስፋልት ነው። ሁለቱም ሀገር በቀኝ በኩል ነው የሚነዳው። ከሀገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ስለዚህ ሰው «ይሄ ሁሉ ከባድ መኪና ሲያልፍ ለአንዲት የቤት መኪና ምን ችግር አለው?» ይላል። የመሐመድም የአጎት ልጅ ያለው ይህንኑ ነው። «አብሽር፣ ደወሌ እኮ ናት! ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት ድንበር ነው።»

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የጭነት መኪና የሚያልፈው ሾፌሩ ድንበሩን ስለለመደው አይደለም። ከኋላው ሥርዓት አለው። የወደብ አጠቃቀምንና ተላላፊ ጭነትን የሚመለከት ስምምነት በሁለቱ ሀገሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈርሟል። ከሾፌሩ ኋላ የትራንስፖርት ድርጅት አለ፣ ትራንዚተር አለ፣ የጉምሩክ ዋስትና አለ። ሾፌሩ ኬላ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ ደርሷል። የቤት መኪና የያዘ ሰው ግን ይሄን ሁሉ ራሱ መሆን አለበት። ድርጅቱም እሱ፣ ትራንዚተሩም እሱ፣ ሾፌሩም እሱ።

መሐመድ ጨለማ ሳይለቅ ወጣ። በኪሱ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ፓስፖርት፤ ድሬዳዋ ካለው የጅቡቲ ቆንስላ ቪዛ ተመቶበታል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ። የመኪናዋ ሊብሬ፣ በእህቱ ስም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። ቦሎውም መስታወቱ ላይ አለ። እህቱ ከዓመታት በፊት የሰጠችው ውክልና። በመጨረሻም ከኢንተርኔት በዶላር የገዛው፣ «ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ካርድ።

ደወሌ ላይ ቆመ። ማንም አልጮኸበትም፣ ማንም ጉቦ አልጠየቀውም። ይህን የምለው ሰው ከድንበር ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ስለሆነ ነው። የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር። መኪናዋ የማን ናት? ይሄ ውክልና ከሀገር ታውጣት ይላል ወይ? ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰውና መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ሰው አንድ ናቸው ወይ? ሦስቱንም በአፉ መለሰ። በወረቀት ግን መመለስ አልቻለም። ከሰዓት ድሬዳዋ ተመለሰ። ማታውን ቢሮዬ መጣ፤ ፊቱ ጠቁሮ። «አቦ ወንድሜ፣ ሁሉም ወረቀት አለኝ እኮ! ምን ጎደለኝ?»

ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ

ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። እውነቱን ነው፣ የጎደለ ወረቀት ብዙ አልነበረም። የጎደለው ስምምነት ነው። ወረቀቶቹ እርስ በርስ አይስማሙም።

ድንበር ላይ ያለ ሹም እናትህን አያውቅም። አንተን አያውቅም። የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ሰውየው ማነው? መኪናዋ ማን ናት? ሁለቱን ያገናኛቸው ምንድነው? ፓስፖርቱ፣ መንጃ ፈቃዱና የክትባት ካርዱ የመጀመሪያውን ይመልሳሉ። ሊብሬው፣ ኢንሹራንሱና የጉምሩክ ወረቀቱ ሁለተኛውን። ውክልናው ሦስተኛውን። ከእነዚህ አንዱ የተለየ ነገር ከተናገረ ሌሎቹ ሁሉ ይጠረጠራሉ። በዕቃ ሥራም ቢሆን ኮንቴይነር የሚታሰረው ወረቀት ስለሌለው ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወረቀት ሁለት የተለያየ ቁጥር ስለያዘ ነው።

ስሙ

በመጀመሪያ ዓይኔ የገባው ስሙ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የድሬዳዋና የሐረር ሰው ከሌላው ይልቅ የሚቸገረው በዚህ ነው።

ፓስፖርቱ ላይ ስሙ ሦስት ሙሉ ክፍል አለው፤ መሐመድ፣ አብዱረህማን፣ ዑመር። የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። «መሐመድ» በላቲን የተጻፈው ከመጀመሪያው ፊደል ቀጥሎ በኦ ነው። መንጃ ፈቃዱ ላይ በአማርኛው መስመር ስሙ ልክ ነው፣ እስከ አያቱ። በላቲኑ መስመር ግን «መሐመድ» በዩ ተጽፏል። ከዚያ የባሰው ይመጣል። «አብዱረህማን» ለሁለት ተከፍሏል። «አብዱ» ለብቻ፣ «ረህማን» ለብቻ። ሦስት ስም ሞላ ተብሎ ነው መሰለኝ አያቱ ዑመር ጨርሰው ጠፍተዋል።

አሁን በማያውቀው ሰው ዓይን እንየው። የኛ ፓስፖርት የአያትን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ያስቀምጣል። ከፎቶው ገጽ ግርጌ በማሽን የሚነበቡ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት ይይዛሉ። እዚያም ስሙ የሚጀምረው በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ሹም ዓይን ፓስፖርቱ የያዘው ሰው የቤተሰብ ስሙ ዑመር ነው። መንጃ ፈቃዱ የያዘው ሰው የቤተሰብ ስሙ ረህማን ነው። የራሳቸውም ስም አጻጻፍ ይለያያል። ፎቶው ይመሳሰላል። ወንድማማቾችም ይመሳሰላሉ።

ይሄ የአንድ ጸሐፊ ስንፍና ብቻ አይደለም። በኛ አካባቢ አንድ ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት ከሦስት ያላነሰ መንገድ አለ። በቁቤ የሚጽፍ አለ። በሶማሊ አጻጻፍ የሚጽፍ አለ። አማርኛውን ሰምቶ በእንግሊዝኛ ግምት የሚጽፍ አለ። ጅቡቲ ሲደረስ ደግሞ የፈረንሳይኛው ይጨመራል። ሶማሊው «ሐ»ን በኤክስ ይጽፋል፣ «ዐ»ን በሲ። በቁቤ ኤክስ «ጠ» ነው፣ ሲ ደግሞ «ጨ»። ሽኒሌ የተወለደ ልጅ የትምህርት ማስረጃው በአንዱ፣ የቀበሌ መታወቂያው በሌላው፣ ፓስፖርቱ በሦስተኛው ሊጻፍ ይችላል። ሁሉም በየራሳቸው ሥርዓት ትክክል ናቸው። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ሦስት ሰው ይሆናሉ። «አብዱ» የሚል መነሻ ያላቸው ስሞች ደግሞ ሁሌም አደጋ ላይ ናቸው። አንዱ ያጣብቃል፣ ሌላው ይለያያል። አንዲት ባዶ ቦታ አያትን ታስወጣለች።

መሐመድ «ፍርድ ቤት ሄጄ ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው የሚል ማረጋገጫ ላውጣ?» አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ለሀገር ውስጥ ጉዳይ ይሠራል። ለድንበር ግን አልመክርም። በአማርኛ የተጻፈ ተጨማሪ ወረቀት ነው። መተርጎም አለበት፣ ትርጉሙም መታመን አለበት። ችግሩን ሳይፈታ ፋይሉን ያወፍረዋል። ስሕተቱ ካለበት ላይ ቢነቀል ይሻላል።

የትኛው ይስተካከል? እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የአማርኛ ስም ልክ እስከሆነ ድረስ ሁሉም ወደ ፓስፖርቱ ይምጣ። ቪዛው የተሰጠው በፓስፖርቱ ነው። የክትባት ካርዱ የሚጻፈው በፓስፖርቱ ነው። ፓስፖርቱን ብትነካ ያ ሁሉ አብሮ ይናዳል። «በዩ ነው የሚያምረው» የሚል ክርክር አያዋጣም። መሐመድ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ፋይዳ ሲመዘገብ ፓስፖርቱን አሳይቶ ስለነበር የፋይዳው አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ነው። ፋይዳ ድንበር አያሻግርም፤ የጉዞ ሰነድ አይደለም። ነገር ግን «የላቲኑ ስሜ ይሄ ነው» ለማለት ጥሩ ምስክር ሆነው። የልደት የምስክር ወረቀቱንም ጨምሮ የመንጃ ፈቃዱ እርማት እንዲደረግለት አመለከተ። በአማርኛው መስመር ስሙ ልክ መሆኑ ጠቀመው። የስም ለውጥ አልጠየቀም፣ የጽሑፍ እርማት ነው የጠየቀው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ማመልከቻ ስትጽፉ «ስም ይቀየርልኝ» ብላችሁ እንዳትጽፉ አደራ።

የፕላስቲኩ ካርድ

ይሄን ባጭሩ ልለፈው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለው ሰነድ በራሱ መንጃ ፈቃድ አይደለም። የሀገር ቤቱን መንጃ ፈቃድ በሌሎች ቋንቋዎች የሚተረጉም ደብተር ነው። ያለ ዋናው መንጃ ፈቃድ ዋጋ የለውም። መልኩን የወሰኑት እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቫና የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች ናቸው፤ ሽፋኑ ግራጫ የሆነ የወረቀት ደብተር። ዕድሜውም ይታወቃል። በ1949ኙ 1 ዓመት፣ በ1968ቱ ቢበዛ 3 ዓመት። የመሐመድ ካርድ ፕላስቲክ ነው፣ ላዩ ላይም «ለ10 ዓመት የሚያገለግል» ይላል። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ካርድ የሚሸጡ ድረ ገጾች ሞልተዋል፤ የሚያጠምዱትም እንደሱ ያለ ለቤተሰቡ የተጨነቀ ሰው ነው። በጣም አናደደኝ። ካርዱን ቤቱ እንዲያስቀምጠው ነገርኩት። የሐሰት ወረቀት ከእውነተኛዎቹ መሀል ከተገኘ እውነተኛዎቹም ይረክሳሉ።

ውክልናው

እህቱ የሰጠችው ውክልና «በስሜ የተመዘገበችውን መኪና እንዲያስተዳድር» ይላል። ለቦሎ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገና ሲገለገሉበት ኖረዋል። ለድንበር ግን አይበቃም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2203 እንደሚለው በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ከዚያ ለሚያልፈው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። መኪና ከሀገር ማስወጣት አስተዳደር ነው ወይስ ከዚያ ያልፋል ብሎ መከራከር ይቻላል። ደወሌ ላይ፣ ፀሐይ አናትህ ላይ ሆኖ፣ ከኋላህ ሰልፍ እየጠበቀ ግን ያ ክርክር አይካሄድም። ስለዚህ በግልጽ ማጻፍ ነው።

እህትየውና መሐመድ ድሬዳዋ ካለው የሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው አዲስ ልዩ ውክልና ተፈራረሙ። ከአዲስ አበባ ሌላ ይህን አገልግሎት በፌዴራል ደረጃ የምናገኝ ከተማ መሆናችን ትልቅ ዕድል ነው። በጽሑፉ ላይ የታርጋው፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ገባ። የመሐመድ ስም በአማርኛም በላቲንም ልክ እንደ ፓስፖርቱ፣ ከነፓስፖርት ቁጥሩ ተጻፈ። «በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዞ እንዲወጣ፣ እንዲነዳና መልሶ እንዲያስገባ» የሚል ቃል ተጨመረ። «መልሶ እንዲያስገባ» የምትለዋን እኔ ነኝ አጥብቄ ያስጨመርኩት። ለጉምሩክ ከመውጣቱ ይልቅ የመመለሱ ነገር ነው ዋናው።

የተፈረመው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የጠቀስኩት ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

ሁለቱ ቢጫ ካርዶች

ቤተሰቡን ያደናገረው ሌላው ነገር ቢጫ ካርዱ ነው። «ቢጫ ካርድ ያስፈልግሃል» ስለው «አለኝ» አለና የእናቱን የክትባት ካርድ አሳየኝ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ጅቡቲ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ አንዴ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ማደስ የለም። ነገር ግን ሕጋዊ የሚሆነው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። መሐመድ ተከትቦ አያውቅም። ደወሌ ላይ በሌላው ሁሉ ቢያልፍ እንኳ በዚህ ማዶ ላይ መያዙ አይቀርም ነበር። ስለዚህ በማግስቱ መጀመሪያ የላክሁት ወደ ክትባት ነው። ሌላው ወረቀት ሁሉ በሩጫ ሊፈጥን ይችላል። ይሄ 10 ቀን ግን በማንም ዘመድ አይፈጥንም።

ሁለተኛው የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ ነው። ይሄ የመኪና ነው። የሀገር ቤቱ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ከደወሌ አያልፍም። ለዚህ ሲባል በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ሀገሮች እ.ኤ.አ. በ1986 አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈራርመው የጋራ ሽፋን ፈጠሩ። ጅቡቲም እኛም አባል ነን። ካርዱ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል፣ የሾፌሩንና የተሳፋሪዎቹንም የሕክምና ወጪ ይጨምራል። የራስን መኪና ጉዳት አይሸፍንም። መሐመድ ከኢንሹራንስ ድርጅቱ ጠይቆ ባጭር ጊዜ አገኘ። ካርዱን ሲቀበል ታርጋውና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል እንዲያይ ነገርኩት። ከዚህ ጋር አንድ ላይ ጉምሩክ ሄዶ መኪናዋ ለጊዜው ከሀገር እንደምትወጣ አስመዘገበ። ያ ምዝገባ ከሌለ ስትመለስ ከውጭ እንደተገዛች መኪና ቀረጥ ልትጠየቅ ትችላለች። የእህቱን መኪና እንደገና መግዛት ማለት ነው።

የ11 ዓመት ልጁም «አያቴን ላምጣ» ብሎ ነበር። የራሱ ፓስፖርት ስለሌለው ቀረ። አልቅሷል አሉ።

12 ማርስ 2017

ጅቡቲ የምትሠራው በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። ስለዚህ ውክልናው ወደ ፈረንሳይኛ መተርጎም ነበረበት። እህትየው ከተማችን ውስጥ ካለ አንድ የትርጉም ቤት አስተረጎመች፤ ማኅተም ተመታበት። መሐመድ የክትባቱ ቀን እንደሞላ ተነሣ። መንጃ ፈቃዱ ተስተካክሎ ወጥቷል። ደወሌ ላይ በዚህኛው በኩል ሁሉም አለፈለት፤ ኢሚግሬሽንም ጉምሩክም።

ማዶ፣ በጅቡቲው ኬላ ጌሊሌ ላይ ግን እንደገና ቆመ።

የጅቡቲው ሹም የሊብሬውን ገጽ አየ፤ መኪናዋ የ2019 ሥሪት ናት። የውክልናውን ትርጉም አየ፤ ቀኑ «12 ማርስ 2017» ይላል፤ ማርስ የፈረንሳይኛው ማርች ነው። መኪናዋ ከመሠራቷ ሁለት ዓመት በፊት በሻንሲ ቁጥሯ ተጠቅሳ የተሰጠ ውክልና! እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ሐሰተኛ ነው እል ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። አማርኛው ላይ አንድ ቦታ ቀኑ በቁጥር 12/03/2017 ተብሎ ተጽፏል። ኅዳር የኛ ሦስተኛ ወር ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ሦስተኛውን ወር ማርስ አደረገው። ዓመቱንም አልነካውም። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነበር። በአንድ መስመር ውስጥ ወሩም ዓመቱም ተሳተ።

መሐመድ ደወለልኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ውክልናው ሐሰት ነው እያሉኝ ነው። ልታሰር ነው እንዴ?» ስልኩን ከሹሙ ጋር በማስተርጎም የሚረዳው አንድ ሰው ተቀበለኝ። የኛ ዘመን አቆጣጠር የተለየ እንደሆነ አስረዳሁ። ሹሙ ይህን ያውቃል፤ ድንበር ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። «አውቃለሁ፤ ግን ማኅተም ያለበት ትርጉም 2017 ማርስ ካለኝ እኔ በራሴ 2024 ብዬ ማንበብ አልችልም» አለ። ሚዛናዊ መልስ ነው። ሰውየው ወረቀቱን እንጂ ግምቱን ማኅተም ማድረግ አይችልም። የጉምሩክ መውጫውና የኮሜሳው ካርድ በአውሮፓ ቀን የተጻፉ በመሆናቸው ጥርጣሬው ቀለለ። መሐመድን አልያዙትም። ግን መኪናዋን ይዞ እንዲያልፍ አልፈቀዱለትም። «ትክክለኛውን ትርጉም አምጣና እለፍ» ተባለ።

ያን ቀን ደወሌ አደረ። እህትየው ድሬዳዋ ውስጥ ወረቀቱን ይዛ ወደ ትርጉም ቤቱ ሮጠች። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኋት። ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ። «ኅዳር 12 ቀን 2017 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ይህም ኖቬምበር 21 ቀን 2024» ተብሎ። እንደዚያው ተደረገ፣ እንደገና ታተመ። በማለዳ ወደ ደወሌ በሚሄድ መኪና ለአንድ ዘመድ ተሰጠ። ረፋድ ላይ መሐመድ ጌሊሌን አለፈ። ለመኪናዋ የጊዜያዊ መግቢያ ወረቀት ሰጡት። ያኛው ሹምም ነበር፤ ወረቀቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀና መታ።

ከዚያ አሊ ሳቢህን አልፎ ጅቡቲ ከተማ ገባ። እናቱን ከወንድሙ ደጅ አነሣ።

ከተመለሱ በኋላ

መመለሱ ቀላል ነበር። ደወሌ ላይ ጉምሩኩ የመውጫውን ምዝገባ አውጥቶ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናዋ ጋር አመሳከረ። ልክ ሆነ፤ አበቃ። እናቲቱ የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለው አይሻን ተኝተው ነው ያለፉት አሉ።

ቤተሰቡ ይሄን ጉዳይ እዚያው አልተወውም። እህትየው የራሷን ወረቀቶች አውጥታ አየች። የሷም መንጃ ፈቃድ ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። ለእርማት አስገብታለች። መሐመድ ደግሞ ለልጁ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው። ቅጹን እንድናይ አብረን ተቀምጠን ነበር። የልጁ የአባት ስም የመሐመድ ስም ነው፤ የአያቱ ስም አብዱረህማን። ሁለቱንም ከአባቱ ፓስፖርት ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥናቸው፤ አብዱረህማንን ሳይነጠል፣ በአንድ ቃል። የልጁ የራሱ ስም በትምህርት ቤት ካርዱ ላይ በቁቤ፣ በፋይዳው ላይ በሌላ መልክ ተጽፏል። የትኛውን እንደሚይዙ ገና አልወሰኑም። እኔ የፋይዳውን ነው የመከርኩት። መሐመድ ግን ልጁን ራሱን ልጠይቀው ብሎ ቅጹን ይዞ ሄዷል።